ለፊነስ ማጥመድ የቱን ላስመጣ? ስፒኒንግ ወይስ ቤይትካስተር?

ከሳቢያን (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ?

ወንድሜ የሚኖረው ጆርጂያ ነው፤ አትላንታ አጠገብ። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ስለቱን ሊያስገባ ይመጣል። «የአሳ ማጥመጃ ዘንግና ሪል ይዤልሽ እመጣለሁ፣ አንቺ ብቻ ምረጪ» አለኝ። እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ መቼ እንደሚገኝ እንጃ። ድሬዳዋ ላይ ታይዋን ገበያን ከላይ እስከ ታች ብታስሱት የምታገኙት ያንን እየተሳበ የሚረዝመውን ዘንግ ነው። ስለዚህ በደንብ አስቤ መምረጥ ፈለግኩ።

ማጥመድ የለመድኩት እሱ ጋ ሄጄ በከረምኩበት ጊዜ ነው። ሌኒየር የሚባል ትልቅ ሰው ሰራሽ ሀይቅ አለ፤ የቻታሁቺ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ነው። ውሃው ጥልቅና ጥርት ያለ ነው። እኛ ስንይዝ የነበረው ስፖትድ ባስ የሚባለውን አሳ ነው። ወንድሜ ትልልቁን ማባበያ አይወድም። የሱ ነገር ከጣት የማትበልጥ የፕላስቲክ ትል፣ ደቃቅ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው በታች ደግሞ ዝቅ ብላ የታሰረች እርሳስ ነች። ድሮፕ ሾት ይሉታል። እርሳሷ መሬት ትነካለች፣ ትሏ ከመሬት ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፣ እሱ የዘንጉን ጫፍ ብቻ በትንሹ ነቅነቅ ያደርጋል። ባሱ ትሏን ሲነካት እጅ ላይ «ጢቅ» የምትል ነገር ትሰማለች። እኔን አጥማጅ ያደረገችኝ ያቺ ጢቅታ ናት።

እዚህ የማጠምደው አዋሽ ላይ ነው። ለሥራ ወደዚያ ስወጣ ደግሞ ዝዋይና ላንጋኖ። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ሲቀናኝ ቢልጫ። ያንኑ ፊነስ የሚሉትን፣ በትንሽ ማባበያና በቀጭን ክር የሚሆነውን ቀላል አጠማመድ እዚህ መቀጠል ነው ሃሳቤ። ወንድሜ ጋ ስሄድም ይዤው ብመለስ ደስ ይለኛል።

አሁን የቸገረኝ ይሄ ነው። ወንድሜ «ፊነስ ዘንግ ከቤይትካስተር ሪል ጋር ውሰጂ፣ ቢኤፍኤስ ነው የሚባለው፣ አንዴ ከለመድሽው ሌላ አትነኪም» ይላል። አብሮት የሚያጠምደው ጓደኛው ደግሞ «ተዋት፣ ስፒኒንግ ይበቃታል» ይላል። ሁለቱም ክር የሚጠቀልሉ የሪል ዓይነቶች ናቸው። በስልክ ሁለቱ ሲከራከሩ ካርዴ ያልቃል። እናንተ እዚህ ያላችሁት፣ አቧራውንም ውሃውንም የምታውቁት፣ ምን ትላላችሁ? ዘንጉ ስንት ጫማ ይሁን? ጉልበቱስ?

የጀጎል ልጅ

አቦ እንኳን ደስ አለሽ! እንዲህ ያለ ወንድም ይብዛልን።

እኔ ሐረር ነኝ። ያለኝ ቤይትካስተር ነው፤ አጎቴ ከካናዳ ያመጣልኝ። አምባዛ ላይ የሚያህለው የለም። ጉልበት አለው። አምባዛ መሬት ይዞ አልወጣም ሲል ስፒኒንግ ሪል እጀታው ሲንገዳገድ አይቻለሁ። ቤይትካስተር ግን ቀጥ አድርጎ ይስባል። ውርወራውን ሐረማያ ዳር ሄጄ ነው የተለማመድኩት፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሰውም አያስቸግርም። ወንድምሽን ስሚው።

ከዚራ ጋራዥ

እህቴ፣ እንኳን ወደዚህ ቤት መጣሽ።

እኔ ብዙ ዘመኔን የኖርኩት ቴክሳስ ነው፤ ዳላስ። ሙያዬ መካኒክነት ነው። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር መዋያዬ ሌክ ፎርክ ነበር። ትልልቅ ላርጅማውዝ ባስ ያለበት ሀይቅ ነው። እዚያ ከ16 እስከ 24 ኢንች የሆነ ባስ ከያዝሽ ወደ ውሃው መመለስ ግዴታሽ ነው። ሕጉን ሁሉም ያከብረዋል፤ እኔም በጣም የምወደው ሕግ ነው። አሁን ተመልሼ ከዚራ ነኝ። ይህ ጉዳይ ነፍሴ ስለሆነ ትንሽ አስረዝማለሁ፣ ታገሺኝ።

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከሪሉ ነው። ሪል ያምራል፣ ያብረቀርቃል፣ ማርሽ አለው። እኔ ግን አንቺን የምመክርሽ አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ የምትወረውሪውን መዝኚ። ወርቅ ቤት የሚመዝኑበትን ዓይነት ትንሽ ሚዛን ፈልጊና መንጠቆሽን ከነትሉ ከነእርሳሱ አስቀምጪበት። ያ ቁጥር ዘንጉን ይመርጥልሻል። ዘንጉ ሪሉን ይመርጣል፣ ሪሉ ክሩን።

ወንድምሽ የሚያጠምድባት ድሮፕ ሾት እርሳሷ ሩብ አውንስ ከሆነች 7 ግራም ናት። ከነትሏ 8 ወይም 9 ብትሆን ነው። ኔድ ሪግ የሚሉትም አለ፤ የካንሳሱ ኔድ ኬዲ ያስፋፋው፣ በአሜሪካ በጣም የተወደደ ትንሽ ነገር ነው። እሱማ ከነትሉ 5 ግራም ገደማ ነው። ሴንኮ የሚባለው ባለ 5 ኢንች ትል ያለ ምንም እርሳስ 10 ግራም ይጠጋል። ጂግ የሚባለው እርሳስ ራስ ያለው መንጠቆ ከነጭራው 15 ወይም 20 ግራም ይደርሳል። አዋሽ ላይ ለቢልጫ የምትወረውሪው ሜፕስ ቁጥር 2፣ ያቺ የምትሽከረከረው የብረት ማባበያ፣ ከ5 ግራም በታች ነው። ለቆሮሶ ትል መንጠቆ ላይ ሰክተሽ ትንሽ እርሳስ ስታደርጊበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

እንግዲህ አንቺ የምትወረውሪው ከ3 እስከ 9 ግራም ባለው ውስጥ ነው ማለት ነው። ይሄ ነው ነገሩን ሁሉ የሚወስነው።

ለምን ብትይ፣ ስፒኒንግ ሪል ላይ ስትወረውሪ ስፑሉ፣ ክሩ የሚጠቀለልበት ማለት ነው፣ አይዞርም። ቆሞ ነው ያለው። ክሩ በአፉ በኩል እየተፈታ ይወጣል። 3 ግራም የማትሞላ ነገር እንኳ ክሩን ይዛ ትሄዳለች። ቤይትካስተር ላይ ግን ስፑሉ ራሱ መዞር አለበት፤ የሚያዞረው ደግሞ የማባበያሽ ክብደት ነው። ቀላል ማባበያ ከባድ ስፑልን አያስነሳም። እንደምንም ቢያስነሳውም ማባበያው አየር ላይ ፍጥነቱ ሲቀንስ ስፑሉ በጀመረው ይቀጥላል። ያኔ ክሩ ከሚሄደው በላይ ይለቀቃል፣ ይተራመሳል። ከዚያ ቁጭ ብሎ መፍታት ነው።

ቢኤፍኤስ ጃፓኖች ይህን ችግር ለመፍታት የሠሩት ነው። ስፑሉን አቀለሉት። ጥቂት ክር ብቻ እንዲይዝ ጥልቀቱን ቀነሱት። ኩሽኔታውን አሳነሱት። ፍሬኑን ለቀላል ነገር አስተካከሉት። የሺማኖ ኩራዶ ቢኤፍኤስ እና የዳይዋ አልፋስ ኤር የዚህ ዓይነት ናቸው። ወንድምሽ እነዚህን ማለቱ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ሲወረወሩ ልብ ያሞቃሉ፣ ያሰብሽበት ቦታ ጠብ ነው። ግን ተጠንቀቂ። ብዙ ሰው ስስ ዘንግ ይገዛና ተራውን ቤይትካስተር ይሰካበታል፤ ያ ሪል ሙሉ ስፑል 12 ፓውንድ ክር የተሸከመ ነው። 5 ግራም ሲወረውርበት እግሩ ሥር ይወድቃል። ጥፋቱ ዘንጉ ላይ አይደለም፣ ሪሉ ላይም አይደለም። የማይገናኙ ነገሮች ናቸው የተገናኙት። የጀጎሉ ወንድሜም የነገረሽ እውነት ነው፤ ግን የሱ 25 እና 30 ግራም ለሚወረውር አምባዛ አጥማጅ ነው። ያንቺ ሥራ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዘንጉ። ከእጀታው ከፍ ብሎ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አለ። ወንድምሽ ያንን ሳያነብ እንዳይከፍል ንገሪው። መጀመሪያ ርዝመቱ አለ፤ 7 ጫማ ይሁንልሽ፣ ወይም ከዚያ ጥቂት ቢያንስ። ቀጥሎ ጉልበቱ ነው፤ ሚዲየም ላይት የሚለውን ይውሰድ። ሦስተኛው ዘንጉ የት ላይ እንደሚጎብጥ የሚናገር ነው። ፋስት ከሆነ የሚጎብጠው ጫፉ አካባቢ ነው፤ ሞደሬት ከሆነ እስከ ወገቡ ይታጠፋል። አንቺ ፋስት ነው የሚያስፈልግሽ፤ ያቺን ጢቅታ የሚያመጣልሽ እሱ ነው። ከዚያ የሚወረወረው ክብደት በአውንስ ተጽፏል። ከ1/8 እስከ 3/8 ወይም እስከ 1/2 የሚል ከሆነ ልክሽ ነው። በግራም ሲሆን ከ3.5 ጀምሮ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የክሩ ጥንካሬ በፓውንድ አለ።

የኔ ፍርድ ይኸው። ለመጀመሪያ ዘንግሽ ስፒኒንግ። ሚዲየም ላይት፣ ፋስት፣ 7 ጫማ፣ ሪሉ 2500 የሚባለው መጠን። ይህ አንድ ዕቃ ከ3 ግራም እስከ 10 ግራም ያለውን ሁሉ ያለ ጭንቀት ይወረውርልሻል። ሌኒየርም ይሠራል፣ አዋሽም ይሠራል። «ለጀማሪ ነው» የሚሉትን አትስሚ። አሜሪካ ውስጥ በውድድር የሚኖሩ ባስ አጥማጆች ጀልባቸው ላይ ስፒኒንግ አያጡም፤ ድሮፕ ሾት ሲያጠምዱ የሚያነሱት እሱን ነው።

ከሳቢያን

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ወንድሜም አነበበው፤ ለጊዜው ዝም ብሏል።

ጥቂት ልጨምርብዎ። አንደኛ፣ ዘንጉ 7 ጫማ ከሆነ አውሮፕላን ላይ እንዴት ይሆናል? ሁለተኛ፣ ክሩ ምን ዓይነት ይሁን? ድሬ ላይ የምናገኘው ያንን ወፍራሙን ላይለን ነው። ሦስተኛ፣ ሪሉ ላይ 5.2 ወይም 6.2 የሚል ቁጥር አለ፣ ምንድነው? ወንድሜ ግድ ቤይትካስተሩንም ላምጣ ካለስ እንዴት ነው የምለምደው? እውነቱን ልንገርዎትና እኔም ልቤ ተከፍሏል። ሲወረውር ሳየው ያስቀናኝ ነበር።

ከዚራ ጋራዥ

ልብሽ ቢከፈል አይገርምም። ቤይትካስተር የያዘ ሰው አያስቀናም አልልሽም።

ስለ ጉዞው፤ 7 ጫማ 2 ሜትር ከ13 ነው። አየር መንገዶች በተለምዶ የሚቀበሉት ሻንጣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ወጥ ዘንግ ይቅር። ሁለት ላይ የሚከፈለው ሲነቀል 1 ሜትር ከ10 አይሞላም። ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይከተተው፤ የውሃ ቧንቧ ቢሆን እንኳ ይበቃል። አራት ላይ የሚከፈል የጉዞ ዘንግም አለ፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ድሮ መገጣጠሚያው ላይ ስሜቱ ይሞታል ይባል ነበር፤ የዛሬዎቹ በጣም ተሻሽለዋል። ዋጋው ካልከበደው ሁለት ላይ የሚከፈለውን እመርጣለሁ። ካርቦን ዘንግ ስሜቱ ግሩም ነው፣ ግን ባጃጅ በር ውስጥ ከተቀረቀረ አለቀለት። አግሊ ስቲክ የሚባለው ፋይበር ግላስ የተቀላቀለበት ነው፤ ከበድ ይላል፣ ስሜቱም ይቀንሳል፣ ግን የኛን አያያዝ ይችላል። አንቺ ጢቅታ ወዳጅ ስለሆንሽ ካርቦኑን ያዢና ተጠንቀቂለት።

ክሩ ላይ አትቆጥቢ። ስፑሉ ላይ 10 ፓውንድ ብሬድ፣ የተጎነጎነው ክር፣ ይጠቅለልልሽ፤ ከጫፉ 6 ወይም 8 ፓውንድ ፍሎሮካርበን አንድ ሁለት ሜትር ይቀጠልበት። ብሬዱ ስለማይለጠጥ የአሳውን ንክኪ ሳያጎድል ያመጣል። ፍሎሮካርበኑ ውሃ ውስጥ ብዙም አይታይም፣ ድንጋይም ይችላል። መቀጠያው ድርብ ዩኒ ቋጠሮ ነው፤ ወንድምሽ ያሳይሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትቋጥሪው ድረስ ተለማመጂው። ወርውረሽ ስትጨርሺ ክሩን የሚመልሰውን የስፒኒንግ ሪሉን ሽቦ እጀታውን በማዞር አትዝጊው፣ በእጅሽ ዝጊው። ክር የሚጠማዘዘው አንዱ በዚያ ነው።

ቁጥሩ የማርሹ ነው። 6.2 ካለ እጀታውን አንዴ ስታዞሪ ክር ጠቅላዩ 6.2 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ለፊነስ አይጨነቁበትም። ሥራውን የሚሠራው ዘንጉ ነው፤ ሪሉ የላላውን ክር መሰብሰብ ነው ሥራው። ይልቅ ድራጉን፣ አሳ ሲጎትት ክሩን በልክ የሚለቀውን ፍሬን፣ እይው። በቀጭን ክር ትልቅ አሳ የሚወጣው በድራግ ነው። ክሩን በእጅሽ ስትስቢው ሳይደናቀፍ፣ ሳይንተፋተፍ መልቀቅ አለበት። ክሩ የሚችለውን ሲሶ ወይም ሩብ ላይ ሲደርስ እንዲለቅ አድርገሽ አስተካክዪው።

አሁን ወደ ቤይትካስተሩ። ወንድምሽ ካመጣው በደስታ ተቀበዪው፤ ግን ሁለተኛ ዕቃሽ ይሁን። የካስቲንግ ዘንግ ለብቻው ነው፤ ቀለበቶቹ ከላይ ናቸው፣ እጀታው ላይ ጣት የሚያርፍበት ቀንድ አለው። የስፒኒንግ ዘንግ ላይ አይሰካም። እጀታውን በየትኛው እጅሽ እንደምታዞሪም ቀድመሽ ንገሪው። ስፒኒንግ ላይ እጀታውን ነቅለሽ ወደፈለግሽው ጎን ታዞሪዋለሽ። ቤይትካስተር ግን ግራና ቀኙ ከፋብሪካው የተለየ ነው፣ አይቀየርም።

ስትለማመጂ መንጠቆ አትሰኪ። 10 ግራም እርሳስ እሰሪ፤ በቀላሉ አትጀምሪ። በእጀታው በኩል ክብ ብሎን አለ፣ ስፑሉን የሚያጠብቀው ነው። ዘንጉን አግድም ያዢና ስፑሉን የሚለቀውን ማላቀቂያ ተጫኚ። እርሳሱ ቀስ እያለ ይውረድ። መሬት ሲነካ ስፑሉ አብሮት መቆም አለበት። ካልቆመ አጥብቂ፣ ጨርሶ ካልወረደ አላላ አድርጊ። በሌላው ጎን ፍሬኑ አለ፤ ማግኔት ወይም በሽክርክሪት የሚሠራ ነው። ሙሉ ለሙሉ ዝጊው። ከዚያ ወርውሪ። ሩቅ አይሄድም፣ አይሂድ። እጅሽ ሲለምድ ፍሬኑን በጥቂቱ በጥቂቱ ክፈቺው።

ዋናው ፍሬን ግን አውራ ጣትሽ ነው። ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር እግሩን ፍሬን ላይ እንደሚያሳርፈው አሳርፊው፤ ሳትጫኚ፣ ግን ሳታነሺም። እርሳሱ ውሃውን ሊነካ ሲል ተጫኚ። አብዛኛው ትርምስ የሚፈጠረው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ሲነሳ ነው፤ ሰው ጅራፍ እንደሚያጮህ ሆኖ ዘንጉን ይሰነዝረዋል። ሌላው ሲያርፍ ነው፤ ማባበያው ቆሞ ስፑሉ ይዞራል። እንግዲህ ለስለስ አድርገሽ አወናጭፊ፣ ሲያርፍ ጣትሽን አስቀድሚ። ንፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ፍሬኑን መልሰሽ ጨምሪ።

ክሩ ከተተራመሰም በጥርስሽም በመቀስም አትሂጂበት። ድራጉን አጥብቂ። አውራ ጣትሽን ስፑሉ ላይ ጠበቅ አድርገሽ ተጫኚና እጀታውን ጥቂት ዙር አዙሪ። ከዚያ ማላቀቂያውን ተጭነሽ ክሩን ሳቢው። ብዙ ጊዜ ተፈቶ ይመጣል። ካልመጣ ድገሚው።

እነዚህን ዕቃዎች ሳስብ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። የዓለም ትልቁ ላርጅማውዝ ባስ የተያዘው ወንድምሽ ባለበት በጆርጂያ ነው። ጆርጅ ፔሪ የሚባል የገበሬ ልጅ በ1932 እ.ኤ.አ. 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሆነ ባስ ይዟል፤ ከ10 ኪሎ በላይ ነው። ከ77 ዓመት በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ ቢዋ ሀይቅ ላይ ተስተካከለው። እስከዚያ ድረስ የደረሰበት አልነበረም። ፔሪ በጊዜው ያለውን ዕቃ ይዞ ነው የሄደው፤ ውሃውን ግን ያውቀዋል።

ደወሌ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ። እዚያ ባሕር ዳር ሳድር መንጠቆ እጥላለሁ፤ ስፒኒንግ ነው ያለኝ። ስለ ምርጫው ጋሼ ተናግሯል፣ የምጨምረው የለኝም። ስለ አያያዝ ግን ልናገር፤ ድሬ ላይ ሪል የሚሞተው በአሸዋ ነው።

ሪልሽን መሬት ላይ አታስቀምጪ። ደቻቱ ውስጥም አትለማመጂ፤ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ንፋሱም ያነሳዋል። ኳስ ሜዳ፣ ሲሚንቶ ላይ ይሻላል። አንዴ አሸዋ ማርሹ ውስጥ ከገባ ስታዞሪው «ክርር» ይላል፤ ያኔ ፈትቶ ማጠብ ግድ ነው። ከባሕር ስትመለሺ ድራጉን አጥብቀሽ ንጹህ ውሃ በስሱ አርከፍክፊበት። ጠብቆ ካልተዘጋ ውሃው ድራጉ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በጨርቅ ጠርጊውና ድራጉን አላልተሽ አስቀምጪው፤ ተጨቁኖ የከረመ ድራግ ቀን ሲመጣ ይንተፋተፋል። ማርሹ ግራሶ ይወዳል፣ ኩሽኔታው ቀጭን ዘይት፤ አንዲት ጠብታ ብቻ። ዝገት የሚያስለቅቀውን በጣሳ የሚረጨውን ነገር ግን አትርጪበት፣ ግራሶውን አጥቦ ይወስደዋል።

ሌላው ሙቀት ነው። የፕላስቲክ ትሎቹን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተያቸው። ይጣመማሉ፣ ይላቁጣሉ። ክሩንም ፀሐይ ይበላዋል።

የጀጎል ልጅ

ጋሼ ያልከው ገብቶኛል፤ የኔ ዘንግ ሄቪ ነው የሚለው፣ አሁን ሄጄ አነበብኩት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እሷ በሚዲየም ላይት ቆሮሶ ስትጠብቅ አዋሽ ላይ ትልቅ አምባዛ ቢመጣባትስ? አምባዛ እኮ መርጦ አይመጣም።

ከዚራ ጋራዥ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ይመጣል። ያኔ ድራጉ ይሂድለት፣ ዘንጉ ይጎብጥለት። ዘንጉን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጋ አታቁመው፤ የሚሰበረው እንዲያ ነው። ጎን ለጎን አድርጋ ትያዘው። አምባዛው ሲሄድ ትልቀቅ፣ ሲቆም ትሰብስብ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ በ8 ፓውንድ ክር ደህና አምባዛ ይወጣል። ሥርና ቅርንጫፍ ካለበት ግን ቆርጦ ይሄዳል፣ እሱን መቀበል ነው። ለአምባዛ ብላ ማታ የምትወጣ ከሆነ ያንተን ዓይነት ዘንግ ይዛ ትውጣ።

ደግሞ ቆሮሶ ላይ ተስፋሽ ልክ ይኑረው፣ እህቴ። ባስ አዳኝ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ያሳድዳል። ቆሮሶ ግን አብዛኛው ምግቡ አልጌና የውሃ ላይ ደቃቅ ነገር ነው፤ የፕላስቲክ ትል ብዙም አያባርር። ድሮፕ ሾቱን እንዳለ እሰሪው፣ መንጠቆውን ብቻ አሳንሰሽ እውነተኛ ትል ወይም ሊጥ ስኪበት። እርሳሱ ከታች ስለሆነ ማባበያሽ ጭቃው ውስጥ አይቀበርም፤ ንክኪውም ቀጥታ እጅሽ ላይ ይመጣል። ከባስ የተማርሽው አጠማመድ እዚህ በደንብ የሚከፍልሽ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ቢልጫው ግን አዳኝነት አለበት፤ ወራጅ ውሃ ላይ ትንሿን ሜፕስ ወርውሪለት።

አዋሽ ዳር ስትቆሚ ደግሞ ከውሃው ራቅ በይ፤ አዞ አለ። መንጠቆ ያዘብኝ ብለሽ ውሃ ውስጥ እንዳትገቢ። ክር ይበጠስ።

ከሳቢያን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ እርስዎን በተለይ። ትናንት ማታ ከወንድሜ ጋር ጨረስን። የላክሁለት ይሄ ነው፤ ሁለት ላይ የሚከፈል ስፒኒንግ ዘንግ፣ 7 ጫማ፣ ሚዲየም ላይት፣ ፋስት፣ ካርቦን። ባለ 2500 ሪል። 10 ፓውንድ ብሬድ፣ 8 ፓውንድ ፍሎሮካርበን። እርሳስ ባለ 1/8 እና 1/4 አውንስ። ሜፕስ ቁጥር 1 እና 2። ቤይትካስተሩን የራሱን ቢኤፍኤስ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ እያለ ያለማምደኛል፣ ከወደድኩት በሌላ ጊዜ የራሴን እገዛለሁ። ከቁልቢ መልስ ሐረማያ እንወርዳለን። የጀጎል ልጅ፣ ካልራቀህ ብቅ በል፤ ያንተንም ሄቪ እንየው።

የጀጎል ልጅ

አቦ ምን ይርቃል! ደውዪ ብቻ።

ከዚራ ጋራዥ

ጎበዝ። ዝርዝሩ ምንም አልጎደለውም። ሁለት ነገር ለወንድምሽ ንገሪልኝ። መንጠቆና ሜፕሱን በሚያስጭነው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው፣ በእጁ ይዞ እንዳይገባ፤ ፍተሻ ላይ ይወስዱበታል። ሪሉን ደግሞ ከዘንጉ ነቅሎ በልብስ ይጠቅልለው። ዚማን የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ትል ከገዛ ከሌላው የፕላስቲክ ትል ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አይቀላቅለው፤ ሲነካኩ ይቀላለጣሉ፣ በድሬ ሙቀትማ አይነሳም። እያንዳንዱ በመጣበት ከረጢቱ ይሁን።